ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው

የሰፈሩ ሰው «ጆሮ» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ያንን ስም የሚያውቁት ሚስቱና የሠራተኛ አስተዳደሩ ብቻ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሥራው ጩኸት ማደን ነው። ጩኸት ሲባል የውሻ ወይም የጎረምሳ ሙዚቃ እንዳይመስላችሁ፤ ውሻውም ጎረምሳውም እንዳሻቸው ይጩኹ፣ ጆሮ ጉዳዩም አይደል። እሱ የሚያድነው ማንም የማይሰማውን ነው፦ ያረጀ ማቀዝቀዣ፣ ሽቦው የላላ የበር ደወል፣ የተበላሸ አምፖል ወደ አየር የሚረጩትን የሬዲዮ ሞገድ።

ከሰፈሩ ወጣ ብሎ በሁለት ኮረብቶች መሀል የኳስ ሜዳ የሚያክል ነጭ ሳህን ቆሟል። ሰዉ «ትልቁ ዲሽ» ይለዋል። ሌት ተቀን ከሰማይ የሚመጣ ደካማ የሬዲዮ ሞገድ ያዳምጣል፤ እንቅልፍ እንደሚያስቸግረው ሽማግሌ ደግሞ ትንሽ ኮሽታ ያውከዋል። በዚህ የተነሳ በአካባቢው ሞባይል ክልክል ነው፣ ማይክሮዌቭ ክልክል ነው፣ ያለ ገመድ የሚሠራ ነገር ሁሉ ክልክል ነው። ክልክል ነው ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። የጆሮ መኪና አንቴናዋን እንደ ቀንድ አቁማ በመንገዱ ጥግ ብቅ ስትል ስንቱ ማይክሮዌቭ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ይገባል። ጸጉር አስተካካዩ አንዴ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ይኼ እኮ የዳቦ ማስቀመጫ ነው» ብሎታል። ጆሮ አልተጣላውም። «ታዲያ ዳቦ ማስቀመጫህ ሰዓት ይቆጥራል እንዴ?» አለና ተሸክሞት ሄደ።

የተወሰዱት ዕቃዎች በዲሹ ጣቢያ ምድር ቤት ባለ የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጣሉ። ሠራተኞቹ «እስር ቤት» ይሉታል። ባለቤቱ ከሰፈሩ ሲለቅ ዕቃው «ይፈታል»። ጆሮ ማንንም ሳያስቀይም እስር ቤቱን የሞላ ሰው ነው፤ ምክንያቱም ቃል አያበዛም። ከአባቱ የወረሰው አንድ አባባል አለው፤ «ዝም አይነቅዝም» ይላል። እህል ይነቅዛል፣ ወሬም ይነቅዛል፣ ዝምታ ግን የትም ቢያስቀምጡት አይበላሽም ማለቱ ነው። በሥራው ላይ ይህ እውነት ነው። በቤቱም እውነት እንደሆነ ራሱን ጠይቆ አያውቅም።

በዚያ ሰሞን ዲሹን በተራዋ የያዘችው አንዲት ወጣት ተመራማሪ ነበረች፤ ሁሉም «ዶክተሯ» ይሏታል። ሌላው ተመራማሪ ብርሃን ይፈልጋል፣ እሷ ጨለማ ትፈልጋለች። ጋላክሲ ሲባል የከዋክብት ከተማ ነው፤ እሷ የምታድናቸው ጋላክሲዎች ግን ከዋክብት የሚሠሩበት ጋዝ ሞልቶ የተረፋቸው፣ ከዋክብታቸው ግን ኢምንት የሆኑ ናቸው። ጆሮ ነገሩ አልገባው ሲል እንዲህ ብላ አስረዳችው።

«ጋሼ፣ ሊጡ በየሳፋው ተቦክቶ ዳቦ ያልተጋገረበት ቤት ያስቡ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ባዶ ቤት ነው፤ ጭስ የለ፣ መብራት የለ። ፎቶግራፍ ቢያነሱት ጨለማ ነው የሚወጣው። ጋዙ ግን ዝም አይልም፣ በሬዲዮ ቀስ ብሎ ያወራል። ዲሹ ይሰማዋል።»

«ለምንድነው ሳይጋገር የቀረው?»

«እሱን ባውቅ እዚህ ምን እሠራለሁ?» አለች እየሳቀች።

ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ አትለኝም!» አለችው። ልብስ ሰፊዋ ምላሷና መቀሷ አንድ ናቸው፤ ቤቷን ከጆሮ ቤት የሚለየውም አንድ ግንብ ብቻ ነው። ጆሮ እንደ ልማዱ ፈገግ አለ።

አንድ ቀን ዶክተሯ ኩበቱን ያገኘች መሰላት። በፎቶግራፍ ጥቁር ሆኖ በሚወጣ የሰማይ ቁራጭ ላይ የጋዝ ድምፅ የሚመስል ነገር ተሰማ። ምን ያደርጋል፣ ከሰዓት በኋላ ያ ቁራጭ ልክ ዲሹ ፊት ሲደርስ ሌላ ጩኸት መጥቶ ላዩ ላይ ይወድቅበታል። ጩኸት ከሰማይ ይሁን ከሰው መለየት ለጆሮ ቀላል ነው። ከዋክብት የኛን ሰዓት አይቆጥሩም፤ የሰማይ ነገር በየቀኑ አራት ደቂቃ ያህል እየቀደመ ይመጣል። የሰው ነገር ግን ምሳውን በልቶ፣ ሰዓቱን ጠብቆ ነው የሚመጣው። ይኸኛው ሰዓቱን ይጠብቅ ነበር። ሰፈሩ ከምሳ በኋላ ጭር ሲል ይጀምራል፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሳይመለሱ ይጠፋል።

«ሰው ነው» አለ ጆሮ።

«እንግዲያው ያግኙልኝ ጋሼ። ተራዬ ሊያልቅ ነው፤ ከዚህ በኋላ ዲሹን መቼ እንደማገኘው ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። ካልጠራልኝ አለ ማለትም የለም ማለትም አልችልም።»

ጆሮ መኪናውን አስነስቶ ወጣ። አንቴናውን ቢያዞረው ወደ ገዛ ሰፈሩ ጠቆመው። ሲጠጋ ወደ ገዛ መንገዱ ጠቆመው። ይሄኔ ሌላ ሰው ቢሆን ገና ድሮ ይገባው ነበር፤ ጆሮ ግን አንቴናው ተበላሸ ብሎ ፈታው፣ ጠረገው፣ መልሶ ገጠመው። ያው ነው። ጡረተኛው መምህር ቤት ገብቶ ሬዲዮኑን አገላበጠ። የዳቦ ቤቱን ማቀዝቀዣ ከግድግዳው አስነቅሎ ጀርባውን አየ። በመጨረሻ ልብስ ሰፊዋ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ ከምሳ በኋላ ይሰፋሉ እንዴ?»

«ከምሳ በኋላ እተኛለሁ።»

«የስፌት መኪናዎን ልየው።»

«እየው። ጥርሱንም ቁጠር።»

ፈትሾ ምንም አጣ። ልብስ ሰፊዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ትክ ብላ አየችው። የሁልጊዜው ፌዝ ፊቷ ላይ አልነበረም።

«የኔ ልጅ፣» አለችው፣ «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።»

ይህን ተረት የማያውቅ የለም፤ ሰው የራሱን ጉድ መጨረሻ የሚሰማው እሱ ራሱ ነው ማለት ነው። ቅጽል ስሙ ከወጣለት ወዲህ ስንቱ ቀልዶበታል። ስለዚህ ሊስቅ ጀመረና ዓይኗን ተከተለ። ልብስ ሰፊዋ ወደ ግንቡ ታይ ነበር። ከግንቡ ማዶ የራሱ ቤት መስኮት አለ፤ መጋረጃው ከተዘጋ የቆየ፣ የዚያ ክፍል መስኮት።

በቀጥታ ወደ ቤቱ መግባት ይችል ነበር። አልደፈረም። መኪናውን አዙሮ ወደ ጣቢያው ሄደ፣ ምድር ቤት ወርዶ እስር ቤቱን ከፈተ። የላይኛው መደርደሪያ ጥግ ላይ አቧራው መሀል አንድ ንጹሕ አራት ማዕዘን ቀርቷል። ዕቃው የለም። የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ ከኋላው መጥቶ ጭንቅላቱን አከከ።

«ባለቤትህ ወሰደችው፣ ከቀብሩ በኋላ። የኔ ነው አለችኝ። ያንቺ አይደለም ልበላት?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የጆሮ ሚስት አርግዛ ሳለ እህቷ ከሩቅ የሕፃን ማዳመጫ ላከችላት። ዕቃው ሁለት ቁራጭ ነው፤ አንዱ ሕፃኑ አጠገብ ተቀምጦ ድምፁን ይልካል፣ ሌላው እናት ዘንድ ሆኖ ያሰማል። ያለ ገመድ ነው የሚሠራው። ጆሮ አየውና ሳቀ። «ጩኸት አዳኙ ቤት ውስጥ ይኼ ቢገኝ ሰው ምን ይለኛል?» አለ። በገዛ እጁም ወስዶ እስር ቤት ከተተው። ሚስቱ ምንም አላለችም። ሴት ልጅ ወለዱ። ሕፃኗ ጥርስ ሳታበቅል፣ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ እንደተኛች ቀረች። እናቷ ኩሽና ውስጥ ነበረች፤ ቧንቧው ክፍት ነበር፣ አልሰማችም። ሐኪሙ፣ «እንዲህ ያለው ነገር ድምፅ የለውም፤ አጠገቧ ብትሆኚም ላትሰሚ ትችይ ነበር» አላት። ሌላው ሁሉ ተረሳ፤ «ትችይ ነበር» የሚለው ግን ጆሮ ሆድ ውስጥ እንደ አጥንት ተሰንቅሮ ቀረ።

ሚስቱ አንድም ቀን አልወቀሰችውም። ጮኻበት፣ ሳህን ወርውራበት ቢሆን ይሻለው ነበር። ከቀብሩ ወዲህ የሕፃኗን ስም ሁለቱም አልጠሩትም፣ ክፍሏም «ያ ክፍል» ተባለ። እሱ ከዚያ በር በኩል ሲያልፍ ትንፋሹን ይይዛል። ለምን እንደሚይዝ አያውቅም፤ ብቻ ይይዛል።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ወደ ቤቱ መጣ። ሚስቱ ኩሽና ጠረጴዛው ዘንድ ተቀምጣለች። ቧንቧው ጥብቅ ተደርጎ ተዘግቷል፤ እንዳይንጠባጠብ ጨርቅ ታስሮበታል። የማዳመጫው መስሚያ ፊት ለፊቷ ነው።

«መጣህ?» አለችው፣ ዞር ሳትል። ስትጠብቀው የቆየች ነው የምትመስለው።

«መጣሁ።»

«ቀስ ብለህ ተቀመጥ። ተኝታለች።»

ጆሮ ክው አለ። ወንበሩን ሲስብ እንኳ ድምፅ እንዳያሰማ አነሳው፤ ማንን ላለመቀስቀስ እንደሆነ እሱው ይወቀው። መስሚያው ሽሽ ይላል፣ ፋታ ይሰጣል፣ እንደገና ሽሽ ይላል።

«የኔ እመቤት፣ እዚያ እኮ ማንም የለም።»

«እብድ መሰልኩህ? ማንም እንደሌለ አውቃለሁ። አልጋዋን የማነጥፈው እኔ አይደለሁም?» አለችው። «ግን ስማው እስቲ። ባዶ ክፍል እንዲህ ይተነፍሳል?»

የሚመልሰው ነበረው። ዕቃው አርጅቷል፣ ከመስመሩ ወጥቶ ይረጫል፣ የምትሰሚው የራሱን ጉርምርምታ ነው ሊላት ይችል ነበር። የሙያው ሀሁ ነው። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ሽሽታው ወጣ ገባ ሲል ሰማና መልሶ ዘጋው። ሴትየዋ የተሳሳተች አልመሰለውም፤ ያስፈራውም ይኸው ነው።

ለዶክተሯ፣ «እየፈለግኩ ነው» አላት። በሌላውም ቀን እንዲሁ አላት። ሆድ ይፍጀው ብሎ ሊሸከመው ነበር ያሰበው፣ ግን ዶክተሯ በየቀኑ ዓይኗ እየቀላ፣ ጨለማ ቁራጯ ከእጇ እያመለጠ ሲያያት አፈረ። በመጨረሻ መቆጣጠሪያ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ተናገረ።

«ጩኸቱ ከኔ ቤት ነው።»

ዶክተሯ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ፊቱን አየችና ተወችው። ጆሮ ስለ ማዳመጫው፣ ስለ ሕፃኗ፣ ስለ ሚስቱ ነገራት፤ ሲነግራት ከግድግዳው ጋር የሚያወራ ይመስል ነበር።

«ታዲያ ጋሼ… ለጥቂት ቀን ብቻ ቢያጠፉት? ተራዬ እስኪያልቅ?»

«አንዴ ወስጄባታለሁ። ሁለተኛ አልወስድባትም» አለ ጆሮ። «ከፈለጋችሁ ከሥራ አስወጡኝ። ግን የመዳብ መረብ ከተረፈ ስጡኝ።»

የዲሹ ኮምፒውተሮች ራሳቸው ስለሚጮኹ የተቀመጡበት ክፍል ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ በሩ ሁሉ በመዳብ መረብ ተለብጧል። ሞገድ ከዚያ አያልፍም። ጆሮ የተረፈውን ጥቅል በትከሻው ተሸክሞ ሄደ፣ ሸክሙን ዶክተሯ ራሷ መኪናው ድረስ ደገፈችለት።

በዕረፍት ቀኑ ያንን ክፍል ከፈተው። ትንፋሹን ይዞ ነበር የገባው፤ መዶሻ ይዞ ትንፋሽ ይዞ ስለማይሆን ለቀቀው። ክፍሉ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ትንሿ አልጋ ተነጥፋለች፣ አስተላላፊው ራስጌዋ ላይ ነው። ሚስቱ የመረቡን ጫፍ ያዘችለት። ቀኑን ሙሉ አብረው ሲሠሩ ዋሉ፤ እሱ ሲመታ እሷ ስትዘረጋ፣ አንዳንዴም እሷ ስትመታ እሱ ሲዘረጋ። መስኮቱን ሸፈኑት፣ በሩን ለበጡት። በሩን መዝጋት ብቻ ሲቀር ሚስቱ ቆም አለች።

«ሲዘጋ እኔ ጋ ይደርሳል?»

መዋሸት ይችል ነበር። «አይደርስም» አላት። «አንቺም እዚህ ውስጥ ብትቀመጪ ግን…»

«እዚህ ውስጥ ምን ያደርግልኛል? ያን ቀንስ እዚህ ውስጥ ነበርኩ እንዴ?»

ጆሮ መዶሻውን አስቀመጠ። ሚስቱ ናት ወደ በሩ ሄዳ በሁለት እጇ የገፋችው። «በቃ ዝጋው። ልጅቷ ሥራዋን ትሥራ» አለች።

ከዚያ በኋላ ጩኸቱ ጠፋ። ዶክተሯ የጠሩ ከሰዓት በኋላዎች አገኘች፤ ጨለማው ቁራጭ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀደመ፣ ልክ የሰማይ ነገር እንደሚያደርገው፣ መጣላት። የመጨረሻው ቀን ረፋድ ላይ በገመድ ስልኩ ወደ ጆሮ ቤት ደወለች። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም። ጋዙ አለ፣ ብዙ ነው፣ ቀስ ብሎ ይሽከረከራል አለችው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ከሰማሁት ይበቃኛል፤ አደራዎን ጋሼ።

ጆሮ ያን ቀን ከሥራ ቀርቶ ጓሮ ቆመ። የእጅ አንቴናውን በግንቡ ዙሪያ አዞረ፤ ምንም የለም። ቤቱ ከጣሪያ እስከ መሠረቱ ዝም ብሏል። እጁን ታጥቦ ወደ ኩሽና ገባ።

ሚስቱ ቦታዋ ላይ ናት። መስሚያው ተከፍቷል። ሽሽ ይላል፣ ፋታ ይሰጣል፣ ሽሽ ይላል።

ላኪ ያጣ መስሚያ ዝም እንደማይል ጆሮ ያውቃል። የገዛ ሽቦውን ሙቀትና ከሰማይ የሚወርድ ጥቂት ሹክሹክታ ቀላቅሎ ያፏጫል። እንዲህ ያለው ፉጨት ግን ያለማቋረጥ የሚፈስ ነገር ነው። ፋታ አይሰጥም። ይኸኛው ይሰጣል።

«ዶክተሯ ምን አለችህ?» አለችው ሚስቱ።

«አገኘሁት አለች። ጋዝ ብቻ ነው፤ ጨለማ።»

«አንድም ኮከብ የለውም?»

«አተኩረው ሲያዩት ትንሽ አለው አሉ። በጣም ትንሽ። እንኳን ሊያበራ ለመታየትም የማይበቃ።»

«ታዲያ ምኑ ነው ባዶ?» አለች። ጆሮ እጇን ጠረጴዛው ላይ አገኘውና ያዘው። በመካከላቸው ሽሽታው ይወጣል፣ ይገባል። ጆሮ ሳያስበው ከሱ ጋር መተንፈስ ጀምሮ ነበር።

ሽሽታው በመሀል ቆመ።

ይመለሳል ብለው ጠበቁት። አልተመለሰም። የመስሚያው መብራት ይበራል፣ ክፍት ነው፣ ድምፅ ግን የለም። ሚስቱ ዓይኑን አየችው። ጆሮ ወንበሩን ገልብጦ ተነሣ። ሕፃኗ በቀረችበት ቀን ማንም ያልሮጠውን ሩጫ ሁለቱም ሮጡት፤ ኮሪደሩን፣ ጥጉን፣ በሩን። መዳቡ እጁን እየላጠው በሩን በርግዶ ገባ።

አልጋዋ እንደተነጠፈች ናት። አንሶላው አልተጨማደደም። ጆሮ ራስጌው ላይ አጎንብሶ፣ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ስሟን ጠራ። እንደሚቀሰቅስ ሰው ነበር የጠራት።

ስሟ ከኩሽና ተመልሶ መጣ። ቀጭን፣ የራቀ፣ ግን ጥርት ያለ። በሩ ስለተከፈተ ነው፤ አስተላላፊው ድምፁን ይዞ ወጥቶ መስሚያው ላይ አወጣው። ጆሮ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ቢያውቅም አልጋውን ተደግፎ ተንበረከከ።

«ሰማህ?» አለችው ሚስቱ ከበሩ።

«ሰማሁ።»

በሩን መዝጋት ነበረበት። አደራ ተቀብሏል፣ ዲሹ እያዳመጠ ነው፣ ይህ ሰዓት ለዶክተሯ ዳግም አይመጣም። ሳሎን ውስጥ የገመድ ስልኩ መጮህ ጀመረ፤ ማን እንደሆነች ሁለቱም አውቀዋል። ጆሮ ተነሥቶ እጁን በሩ ላይ አደረገና ሚስቱን አያት።

«አንዴ ብቻ» አለችው። «ከዚያ ትዘጋዋለህ።»

እጁን ከበሩ ላይ አነሣ። ስልኩ እየጮኸ፣ እሷም ልጇን ጠራቻት።